የኢትዮ ጃዝ ሸክላዎችና የሽፋናቸው ሥዕል

የኢትዮ ጃዝ ሸክላ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል የተባሉትን ቅኝቶች ከምዕራቡ የጃዝ ስልት ጋር ያዋሐደ ዜማ የተቀረጸበት፣ ሰብሳቢዎችም ከነሽፋኑ እንደ ቅርስ የሚፈልጉት ሸክላ ነው። የስልቱ መሥራች ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ አሳትሟል። በአዲስ አበባም ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ዐምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ክልከላ በድፍረት ተሻግሮ የዘፋኙን የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በሸክላ አወጣ፤ የሸክላ አሳታሚ ድርጅቱም እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ዘለቀ።

በዚያን ዘመን የታተሙት ትንንሽ ሸክላዎች ሽፋን፣ የዘፋኙን ፎቶግራፍና በፊደላችን የተጻፈውን የዘፈን ስም አስተባብሮ የያዘ በመሆኑ፣ የዘመኑን አለባበስ፣ የጠጉር አሠራርና የኅትመት ጥበብ የሚመሰክር ሰነድ ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑን ጥሎ ሸክላውን ብቻ ማኖር፣ በእኔ አስተያየት፣ የታሪኩን እኩሌታ መጣል ነው። ወደ ሸክላዎቹ ይዘት ስንመለስ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ የሚሰማበት ሸክላ ዘፈን ካለበት በቁጥር እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ፣ የዘፋኞቹ ሥራ ኢትዮ ጃዝ ይባል እንደ ሆነ ሊቃውንተ ሙዚቃ እስካሁን ይከራከራሉ።

ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብና የካሴት መስፋፋት የሸክላውን ዘመን ፈጸሙት። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት ብዙውን መልሶ አሰማ። የቀረው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ ያገኘኸውን ሸክላ ከሙቀት አርቀህ፣ አቁመህ፣ ከነሽፋኑ ጠብቅ።