አዲስ መኪና ከረጅም ሙከራ በኋላ ጉድለቱ እንዴት ይመዘናል?

እኛ የሮቫ አሌፍ ነዋሪዎች ከአገር ቤት የምናውቃት ቮልስዋገን፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ትንሿ መኪና፣ ለገበያ ከመቅረቧ በፊት ከባድ ፈተና አልፋለች። ፌርዲናንድ ፖርሽ የሠራቸው 3 የሙከራ መኪኖች በ1936 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጀርመን መንገዶች እያንዳንዳቸው 50,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተነዱ። ሥራውን ያዘዘው የናዚ መንግሥት መሆኑን ግን አንዘነጋም።

በሙከራው ላይ ክራንክሻፍት ተሰበረ። መርማሪዎቹ ጉድለቶቹ መሠረታዊ እንዳልሆኑና ሊታረሙ እንደሚችሉ፣ የፊት አክስሉና ፍሬኑ ግን ተጨማሪ ሙከራ እንደሚያስፈልጋቸው ገለጹ። በ1937 ደግሞ 30 መኪኖች በድምሩ ከ2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ተፈተኑ።

እንዲህ ያለው ምዘና 3 ጥያቄዎች አሉት፦ ጉድለቱ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል? በሁሉም መኪኖች ላይ ታየ ወይስ በአንዱ ብቻ? በሁሉም ከታየ ንድፉ፣ በአንዱ ከሆነ አሠራሩ ይጠረጠራል። ከተጠገነ በኋላስ ተመልሶ መጣ?

ውድ አንባቢያን፣ ያገለገለ መኪና ስንገዛም ይኸው ይሠራል። ከቀለሙ በፊት የጥገና ወረቀቱን እንይ፤ አንድ ዕቃ በተደጋጋሚ ተቀይሮ ከሆነ ምክንያቱን ሳንጠይቅ ገንዘብ አንክፈል። የፍሬን ጉድለት ደግሞ ዋጋ አስቀንሶ የሚታለፍ አይደለም።