ከግድግዳው እስከ ምሰሶው፦ በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የገባባቸው ዓመታት በጅማ

ባለፈው ክረምት የማኅበራችንን ዕቃ ቤት ስናጸዳ፣ ከአሮጌ የቁጠባ ደብተሮች ሥር አንዲት ጥቁር ሞደም አገኘን። ገመዷ እላይዋ ላይ ተጠምጥሟል። አጠገቧ ሽፋኗ የተላቀቀ ደብተር ነበረች፤ በፊት ገጿ ላይ «የመስመር ደብተር» ተብሎ ተጽፏል። ከወጣት አባሎቻችን አንዷ ሞደሟን አገላብጣ አየችና «ይቺ ዋይፋይ ናት እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ያን ዘመን የምናውቅ ሁላችን ሳቅን። ስናስረዳት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጀብን። ደጋፊዎቻችንም በዚያን ጊዜ ሪፖርታችሁ ለምን ዘገየ እያላችሁ ስትጠይቁን «የመስመር ችግር» ከማለት ያለፈ መልስ ሰጥተናችሁ አናውቅም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእርሷም ለእናንተም ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከሽቦ ነው። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ሥራውን በአንድነት የሚመራ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ለአብዛኞቹ ትናንሽ ከተሞች ስልክ ማለት ለብዙ ዓመታት ማዞሪያው ላይ የተቀመጠች ሴት ድምፅ ነበር። «ሄሎ ማዞሪያ» ይባላል፣ የሚፈለገው ሰው ስም ይነገራል፣ ይጠበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንኳ በአገራችን ለ100 ሰው አንድ የቤት ስልክ አይደርስም ነበር።

ኢንተርኔት በዚህ ሽቦ ላይ ተደርቦ መጣ። መጀመሪያ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው ክፍል የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎችን እያጠራቀመ በስልክ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ባይት የሚል ስም የያዙ ባለሙያዎች ተሰባስበው ሙሉው ኢንተርኔት ይግባ ብለው ተሟገቱ። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን የጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። የማኅበራችን የመጀመሪያ ሞደም በአንዲት መሥራች አባላችን ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን የተቀመጠችው በ1996 ዓ.ም. ነበር። ቢሮ አልነበረንም፤ የስልክ መስመር የነበረው እትዬ ቤት ነው። (ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እትዬ ብቻ እንላቸዋለን።)

የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። ሞደም ፊደሉንም ሥዕሉንም ወደ ድምፅ ለውጣ በዚያው ጠባብ መንገድ ታሳልፈዋለች። ስትደውል የምታሰማው ያ ጩኸትና ፉጨት ሁለት ሞደሞች «በምን ፍጥነት እንነጋገር?» ብለው የሚደራደሩበት ነበር። የእትዬ ልጆች ድምፁን በአፋቸው ያስመስሉት ነበር። በሞደሟ ካርቶን ላይ በሰከንድ 56,000 ቢት ይላል። እኛ 28,800 ያገኘን ቀን እንደ በዓል ነበር። በዚያ ፍጥነት አንድ ሜጋባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ ለመላክ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የስልጠናችንን ስድስት ፎቶግራፎች ለደጋፊዎች ስንልክ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ተከትሎ፣ በረካው ሲቀዳ የመጨረሻው ገና ግማሽ ላይ ነው። ያኔ አንድ ሰው መኝታ ቤት ያለውን ሁለተኛ ስልክ ካነሣ ሁሉም ነገር ተቋርጦ ከመጀመሪያው ይጀመራል። እትዬ በመጨረሻ ያን ስልክ ነቅለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ብልሽቱን መለየት የተማርነው በብዙ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ እምቢ ሲለን ኮምፒውተሩን አጥፍተን እናበራለን፤ ካልሆነ ወደ ጥገና ሱቅ ተሸክመን እንሄዳለን። ሁለት ጊዜ በጋሪ ወስደነዋል። ሁለቱንም ጊዜ ኮምፒውተሩ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ቀላሉን ነገር ያወቅነው፦ መጀመሪያ የስልኩን እጀታ አንሥቶ መስማት። የቤት ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከማዞሪያው በራሱ ሽቦ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። እጀታው ውስጥ «ቱ…» የሚለው ድምፅ ከሌለ ኮምፒውተሩ ምንም አላጠፋም። ድምፁ ኖሮ ሹሹታ ካለበትም ሞደሟ ያንን ሹሹታ ከፊደሉ መለየት ስለማትችል ፍጥነቷን እየቀነሰች ሄዳ ትቆማለች።

ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ቁጥሮች እንደ ታክሲ ታርጋ ለመድናቸው። 680 ሲል የመስመሩ ድምፅ አልተሰማኝም ማለቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ተሳስቶ የተሰካ ነበር፤ ከሞደሟ ጀርባ አንዱ ቀዳዳ ለግድግዳው መስመር፣ አንዱ ለስልኩ ነውና። 676 መስመሩ ተይዟል ነው፤ ጠብቆ መሞከር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። 678 ጥሪው አልተመለሰም ነው። 691 ደግሞ ስም ወይም ፓስወርድ ተሳስቷል ማለት ነው። በእኛ ቤት 691 በመጣ ቁጥር ማለት ይቻላል ጥፋቱ ፊደልን ትልቅ የሚያደርገው ቁልፍ ተጭኖ መቅረቱ ነበር።

ትልቁ ጠላታችን ግን ዝናብ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ሽቦው ደግሞ ከምሰሶው ወደ እትዬ ቤት የሚመጣው በአቦካዶ ዛፍ መካከል ነው። ቅርንጫፉ በነፋስ ሲወዛወዝ የሽቦውን ልባስ ልጦት ኖሯል። በበጋ ምንም አይታወቅም፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ስልኩ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ይንጫጫል። ከቤት ውስጥም በጣሪያው ሥር በእጅ ተጠማዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መቀጠያ ነበር። ፕላስተሩን ስንፈታ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። የዛገውን ቆርጠን፣ ልጠን፣ እንደገና አጠማዝዘን ጠቀለልነው፤ በዚያ ምሽት ግንኙነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ቆየ። ከምሰሶው ወዲያ ያለው የመስመር ሠራተኞች ሥራ ስለሆነ አልነካንም። ቅርንጫፉን ግን እኛው ቆረጥነው፤ እትዬ ለአቦካዶው አዝነው ሦስት ቀን አኩርፈውናል።

ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ስልኩን ነቅሎ ሽቦው መጀመሪያ ቤት ከሚገባበት ሣጥን ላይ በቀጥታ ሰክቶ መስማት ነበር። እዚያ ጥሩ ከሆነ ብልሽቱ ከውስጥ ነው፤ እዚያም ካንጫጫ ከውጭ ነው። ይህችን አንዲት ሙከራ ከመማራችን በፊት ለሠራተኛ መጓጓዣና ሻይ ስንት እንዳወጣን ደብተሯ ላይ አለ፤ እዚህ መጻፉ ያሳፍረናል።

መብረቅም ነበር። በሐምሌ 1996 ደመናው ሲያጉረመርም የኮምፒውተሩን መብራት ነቀልን። የስልኩን ሽቦ ግን ረሳነው። የመጀመሪያዋ ሞደማችን በዚያ ሌሊት ተቃጠለች። ዕቃ ቤት ያገኘናት ሁለተኛዋ ናት።

አሁን ስንጽፈው የሚከብደን ነገር ላይ ደርሰናል። በ1997 ዓ.ም. ጥር ወር የመጣው የስልክ ሂሳብ የሦስት ወር የአባላት መዋጮ ያህል ነበር። በእትዬ ቤት የእህታቸው ልጅ ትኖር ነበር፤ ከአጋሮ መጥታ ማታ የምትማር የ15 ዓመት ልጅ። ሞደሟን ከሁላችን በፊት የለመደችው እርሷ ነበረች። ማን ነው ሌሊት ሌሊት የሚደውለው ሲባል ሁላችንም ወደ እርሷ ተመለከትን። ከወንድ ጋር እያወራች ነው የሚል ወሬ ተነሣ፤ ከየት እንደተነሣ ዛሬም የሚናገር የለም። ልጅቷ ዕቃዋን ይዛ ወደ አጋሮ ተመለሰች፤ ትምህርቷም ተቋረጠ። ስልኩ ላይ ቁልፍ ተደረገበት።

የየካቲቱ ሂሳብ ሲመጣ ከጥሩም በለጠ። ልጅቷ ግን የለችም። ያን ጊዜ ነው አንዷ እህታችን የመስመር ደብተሯን የከፈተችው። ልጅቷ እያንዳንዱን ግንኙነት፣ የጀመረበትንና የተቋረጠበትን ሰዓት በቀን በቀኑ ጽፋዋለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ «ከተቋረጠ እንደገና ደውል» የሚል ምርጫ በርቶ ቆይቷል። መስመሩ በተበላሸ ቁጥር ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይደውላል፣ ይገናኛል፣ ይቋረጣል። የተመለሰ ጥሪ ሁሉ ይቆጠራል። ስልኩ ላይ ያደረግነው ቁልፍ ለጣት እንጂ ለሞደም አልነበረም። ምርጫውን ያበራነው ደግሞ እኛ ነን፤ ሪፖርት ለመላክ ስንጣደፍ።

ከኮሚቴው አራት ሴቶች እትዬን ይዘን 45 ኪሎ ሜትር ሄደን አጋሮ ገባን፤ ስኳርና ቡና ይዘናል። እናቷ ቡናውን ተቀብለው ቆሉት፣ አፈሉት፣ ሦስቱም እስኪጠጣ ድረስ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ «ልጄ ሌባ አይደለችም ብላችሁ ሰፈሩ በሚሰማበት ቦታ ተናገሩ» አሉን። በሚቀጥለው እሑድ ጅማ፣ በሙሉ ስብሰባ ፊት ተናገርን። ልጅቷ የተመለሰችው በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ነው፤ ያመለጣትን ዓመት ደግማለች። ሲቀሯት አንድ ነገር ጠየቀች፦ ከዚያ በኋላ በመስመሩ የተጠቀመ ሁሉ በደብተሯ ላይ ይፈርም። ሊቀመንበራችንም ፈርማለች።

ደብተሯ ሌላም ስሕተታችንን ይዛለች። መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የስልክ ቁጥር ተለወጠ፤ የጅማ መለያ ከ07 ወደ 047፣ የየቤቱ ቁጥርም ከስድስት አኃዝ ወደ ሰባት። ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ አዲሱን ቁጥራችንን ስንናገር ኮምፒውተሩ የሚደውልበትን ቁጥር መለወጥ ረሳን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝናቡን ረገምን።

የአጋሮ፣ የየቡና የሊሙ ገነት እህቶቻችን ይህ ሁሉ ጣጣ እንኳ አልነበራቸውም፤ ከእነርሱ ቤት ሞደም አልገባም። በማዞሪያ የሚሠራ ስልክ ባለበት ከተማ ሞደም «እባክሽ እህቴ፣ አዲስ አበባን ስጪኝ» ማለት አትችልም። ስለዚህ ደብዳቤያቸው በወረቀት ወይም በፍሎፒ በሚኒባስ ይመጣል፤ መልሱ ታትሞ በማግሥቱ ጠዋት ይሄዳል። ይበልጥ የሚጠይቁት የቡና ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የቡና ዋጋ ለብዙ ዓመታት ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ወድቆ፣ ቡና ለቅመው የሚሸጡ አባሎቻችን ጀንፈሉን በምን ዋጋ እንደሰጡት ገና አልተረሳም ነበር። የኒውዮርክን ዋጋ አትመን ስንልክ አጋሮ ላይ የሚከፈላቸውን አልለወጠውም፤ ይህን አጋንነን ልንናገር አንፈልግም። ነጋዴው «ውጭ አገር ወርዷል» ሲላቸው ግን ወረቀቱን ያሳዩት ነበር። ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ የገባው በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. ነው።

በደብዳቤው ቋንቋም ላይ አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። በአማርኛ የጻፍነው ደብዳቤ ተቀባዩ ዘንድ የእኛ ዓይነት ፊደል ከሌለ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይደርሳል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ቤታችን ያለው አሮጌ ኮምፒውተር አያውቀውም። በኦሮምኛ የሚጽፉ እህቶቻችን ግን ቁቤው የላቲን ፊደል ስለሆነ ያለ ምንም ችግር ይላክላቸዋል። ስለዚህ ጊዜ ያጠራቸው አማርኛ ጸሐፊዎች ጉዳያቸውን በኦሮምኛ ያስጽፉ ነበር።

ከደብተሯ የመጨረሻው መስመር የተጻፈው በሰኔ 2002 ዓ.ም. ነው፦ «ሹሹታ አለ፣ 3 ጊዜ ተቋረጠ፣ ሪፖርቱ ሄደ።» ከዚያ በኋላ ሽቦ የማይፈልገው ኢንተርኔት መጣና እትዬ መኝታ ቤት የነበረውን ስልክ ከቁም ሣጥን አውጥተው መልሰው ሰኩት።

ከደብተሯ ከ1998 መጋቢት እስከ 1999 ጥቅምት ያሉት ገጾች ተቀድደዋል። ለቡና ዋጋ ማተሚያ ወረቀት ባጣን ጊዜ ጀርባቸው ላይ ሳናትምባቸው አልቀረንም። ከአጋሮ፣ ከየቡ ወይም ከሊሙ ገነት እህቶች መካከል በአንድ በኩል የዋጋ ዝርዝር፣ በሌላ በኩል የሰዓትና የፊርማ ዝርዝር ያለበት ወረቀት ያላችሁ እባካችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁልን ኑ፤ ፎቶ ኮፒ አድርገን እንመልስላችኋለን።