የነርቭ ሕዋሳት ጉዞ በፅንስ አንጎል ውስጥ፤ የሪሊን ግኝት ታሪክ

በፅንስ አንጎል ውስጥ የሚፈጠር የነርቭ ሕዋስ በተፈጠረበት ስፍራ አይቀመጥም። ለአንጎል ቅርፊት የሚሆኑት አብዛኞቹ ሕዋሳት ፈሳሽ በያዙት የአንጎል ክፍተቶች ዳር ተፈጥረው፥ ወደ ውጭ ተጉዘው፥ በየደርባቸው ይሰፍራሉ። ጉዞው ከተሰናከለ ሕዋሱ በሕይወት ቢኖርም አንጎሉ ሥርዓቱን ያጣል። ታዲያ ሕዋሱ ወዴት እንዲሄድና የት እንዲያርፍ የሚነግረው ምንድን ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ሪሊን የተባለው ፕሮቲን የተገኘበትን ታሪክ በመከተል ይህን ጥያቄ እንመረምራለን። ለማሳየት የምንፈልገውም፥ ግኝቱ የአንድ ሊቅ የድንገት ሥራ ሳይሆን፥ ለየብቻቸው የቆዩ ሦስት የምርምር መንገዶች በመገናኘታቸው የተገኘ መሆኑን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የመጀመሪያው መንገድ የአካል ጥናት ነው። የእስፓኙ ሊቅ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል፥ ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ባገኘው በብር የማቅለም ዘዴ እየተጠቀመ፥ በ1891 ዓ.ም. በትንንሽ አጥቢ እንስሳት የአንጎል ቅርፊት ከሁሉ በላይ በሆነው ደርብ ውስጥ የተጋደሙ ልዩ ሕዋሳት መኖራቸውን ገለጸ። ስዊድናዊው ጉስታፍ ሬትሲዩስ ደግሞ በ1893 ዓ.ም. መሰሎቻቸውን በሰው ፅንስ ላይ ገለጸ፤ ስለዚህ የካሃልና የሬትሲዩስ ሕዋሳት ተባሉ። በእነዚያው ዓመታት ካሃል፥ በማደግ ላይ ያለ ነርቭ ወደ መድረሻው የሚመራው በኬሚካዊ ስበት ሳይሆን አይቀርም የሚል አሳብ አቀረበ። ይሁን እንጂ አሳቡንና ሕዋሳቱን የሚያገናኝ ማስረጃ አልተገኘም። የማይክሮስኮፕ ሥዕል ቅርጽን እንጂ ሥራን አያሳይምና፥ ሕዋሳቱ ምን እንደሚሠሩ መቶ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቀረ።

ሁለተኛው መንገድ የዘር ውርስ ጥናት ነው። በኤዲንበርግ ይሠራ የነበረው ዳግላስ ፋልኮነር በ1951 ዓ.ም. አንድ እንግዳ የአይጥ ዘር ገለጸ። እንስሳቱ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሲራመዱም ይንገዳገዳሉ። በዚህ ምክንያት «ሪለር»፥ ማለት ተንገዳጋጅ፥ ተባሉ። ጉድለቱ የሚታየው ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ብቻ ነው። ለጊዜው ይህ ነገር የአይጥ አርቢዎች ጉዳይ እንጂ የአንጎል ተመራማሪዎች ጉዳይ አይመስልም ነበር።

ሦስተኛው መንገድ የሕዋሳትን የልደት ቀን መቁጠር ነው። በ1961 ዓ.ም. ጄይ አንጀቪንና ሪቻርድ ሲድማን፥ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያለበት ታይሚዲን ለእርጉዝ አይጦች በመስጠት፥ በዚያ ቀን የተወለዱት ሕዋሳት ኋላ የት እንደ ሰፈሩ ተከታተሉ። የተገኘውም ውጤት አስደናቂ ነበር። ቀድመው የተወለዱት በታችኛው ደርብ ይቀራሉ፤ ኋላ የተወለዱት ግን ታላላቆቻቸውን አልፈው ከላይ ይሰፍራሉ። በ1972 ዓ.ም. ፓስኮ ራኪች በዝንጀሮ ፅንስ ላይ ባደረገው ጥናት፥ ተጓዦቹ ሕዋሳት ከውስጥ ወደ ውጭ የተዘረጉ የግሊያ ሕዋሳት ክሮችን ተከትለው እንደሚወጡ አሳየ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ የተገናኙት በ1973 ዓ.ም. ነው። ቨርን ካቪነስና ሲድማን ያንኑ የቆጠራ ዘዴ በተንገዳጋጇ አይጥ ላይ ሲሞክሩ፥ ሕዋሳቱ የተወለዱት በተለመደው ጊዜ ሆኖ ሳለ አሰፋፈራቸው ግን ተገልብጦ አገኙት። እንግዲህ የጎደለው መወለዱ ሳይሆን ቦታ መያዙ ነበር።

የመጀመሪያው መንገድ ከእነዚህ ጋር የተገናኘው በ1995 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ ጋብሪኤላ ዳርካንጄሎ፥ ቶም ከራንና ባልደረቦቻቸው በአይጧ የተበላሸውን ጂን ለዩ፤ ጂኑ የሚሠራውም ፕሮቲን ሪሊን ተባለ። በዚያው ዓመት በጃፓን ማሳሃሩ ኦጋዋ፥ ካትሱሂኮ ሚኮሺባና ባልደረቦቻቸው ብልኀት ያለበት ሥራ አወጡ። የጤነኛ አይጥ አንጎል ለተንገዳጋጇ አይጥ በመርፌ ቢሰጥ፥ እርሷ የሌላትን ነገር ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ አካል ያወጣበታል ብለው አሰቡ፤ እንዳሰቡትም ሆነ። ፀረ አካሉ የያዘው የካሃልንና የሬትሲዩስን ሕዋሳት ነበር። ሪሊንን የሚያመነጩት፥ በ1891 ዓ.ም. የተሣሉት እነዚያ ሥራቸው ያልታወቀ ሕዋሳት ሆነው ተገኙ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። መልእክቱን በተጓዡ ሕዋስ ውስጥ የሚያስተላልፈው ዳብ1 የተባለ ፕሮቲን መሆኑ በ1997 ዓ.ም.፥ ሪሊንን የሚቀበሉት ሁለቱ ተቀባዮች ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ታወቁ። በ2000 ዓ.ም. የዚሁ ጂን ጉድለት በሰው ልጆችም ላይ ተገኘ። ሕፃናቱ የአንጎላቸው እጥፋት የሳሳ፥ ትንሹም አንጎላቸው እጅግ ያነሰ ሆነው ይወለዳሉ፤ እድገታቸውም በብርቱ ይጓተታል።

ነገር ግን ሪሊን የሚናገረው ምንድን ነው? ብዙዎች «እዚህ ቁም» የሚል ትእዛዝ ነው ብለው ነበር። እኛ ይህ ፍቺ ብቻውን አይበቃም እንላለን። ምክንያቱም በ2002 ዓ.ም. የከራን ቡድን ተንገዳጋጇ አይጥ ሪሊንን ከላይ ሳይሆን ከታች፥ ሕዋሳቱ በሚወለዱበት ስፍራ እንድትሠራ ሲያደርግ፥ መንገዳገዱ ተወገደ፤ የደርቦቹ አሠራር የመጀመሪያው ደረጃም ተቃና። ሆኖም የደርቦቹ ሥርዓት ፈጽሞ አልተመለሰም። ሪሊን የማቆሚያ ምልክት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ከመነሻው ላይ መቀመጡ ጉዞውን ባገደ እንጂ ባልረዳ ነበር። ስለዚህ መልእክቱ እንደ ቦታውና እንደ ተቀባዩ ሕዋስ ኹኔታ የሚለያይ ይመስለናል፤ ክርክሩም ዛሬ አልተዘጋም።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለጥናታችን የሚጠቅም ነው። ሥዕሉ፥ አይጧና ቆጠራው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እውነት ነበሩ፤ የሕዋሱን መሪ ያሳወቁን ግን በአንድነት በተነበቡ ጊዜ ነው።