ትሪጎኖሜትሪ የተከለከለችው ኢኮኖሚስት

ስለ ኤሊኖር ኦስትሮም ክፍል ውስጥ ለማውራት ሁሌ ደወሉ ይቀድመኛል። እዚህ ልጻፋት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

አሜሪካዊት ናት፣ 1933 ሎስ አንጀለስ ተወለደች። ሃይስኩል ሳለች ሴት ስለሆነች ትሪጎኖሜትሪ አትውሰጂ ተባለች። ያቺ ምክር ተከትላ መጣች፦ ዩሲኤልኤ በኢኮኖሚክስ ለዶክትሬት ስታመለክት “ሂሳብ ይጎድልሻል” ብሎ መለሳት። በፖለቲካ ሳይንስ ገብታ በ1965 ተመረቀች። (11ኛ ክፍል ላይ ሴቷን ብቻ ለይተን “ሶሻል ይሻልሻል” የምንል መምህራን እንዳለን ታውቃላችሁ።)

በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ ሳይንቲስት፣ የጋራ ግጦሽ መንግሥት ካልያዘው ወይም ለግል ካልተሰጠ መውደሙ አይቀርም ብሎ ጻፈ። ብዙው ምሁር ተቀበለው። እሷ ግን ሕዝቡ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ከየአገሩ እየሰበሰበች አነጻጸረች። ተርበል በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር በ1517 የወጣ ደንብ አለ፦ በክረምት መቀለብ ከምትችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ተራራ አትሰድም! መንደሩ በዚህ ዓይነት ደንብ ግጦሹን ለዘመናት ጠብቆ ኖረ። የእኛም መንዝ የጓሳን ሣር በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል እኮ።

በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ከኦሊቨር ዊሊያምሰን ጋር ተካፈለች። ሽልማቱ በ1969 ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ሁለተኛዋ ኤስተር ዱፍሎ እስክትመጣ ሌላ 10 ዓመት ፈጀ።