ቤቱ ራሱ ቅርስ ሲሆን

ከመርሳ ተሳፍሮ በውርጌሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ደሴ የሚገባ መንገደኛ ሳያውቀው የታሪክ መጽሐፍ እየገለጠ ይጓዛል። ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመውን ውል ታስታውሰዋለች። ደሴ ላይ ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ይጠብቀዋል። በዚያችው ከተማ ሌላም ታላቅ ቤት አለ፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረውና በኋላ ሙዚየም የሆነው።

መኖሪያ ቤትን ሙዚየም ማድረግ ሲያስቡት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የመኳንንት እልፍኝ የተሠራው ለቤተሰብና ለእንግዳ እንጂ በቀን መቶ ተማሪ ተሰልፎ እንዲገባበት አይደለም። የእንጨት ወለል ያን ሁሉ ክብደት አይችልም፤ በመስኮት የሚገባ ፀሐይም የብራናን ቀለም ያደበዝዛል። ጥገናው ራሱ አደጋ አለው። በጭቃና በኖራ የተሠራ ግድግዳ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል። ብዙ አሮጌ ቤት አምሮበት የሚፈርሰው እንዲህ ነው።

አዲስ አበባ ነገሩን ቀድማ ሞክራዋለች። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ከተማዋ መቶኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆነ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ገባበት። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ግን እንዳለ ተትቷል፤ በመስታወቱም ላይ የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር የጥይት ቀዳዳ ይታያል። መስታወቱ በአዲስ ቢለወጥ ማን ይቆጣ ነበር? አለመለወጡ ግን ከብዙ ጽሑፍ በላይ ይናገራል።

የደሴው ቤት ቁስል ገና ትኩስ ነው። ከተማዋ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ በቆየው ጊዜ ሙዚየሙ ተዘረፈ፣ ጉዳትም ደረሰበት። ያ ጦርነት ወልድያንም መርሳንም ስለነካ፣ ጉዳዩ የደሴ ሰው ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ግድግዳውን ምን ቀለም እንቀባው አይደለም። የዚያን ጊዜ ምልክት እናጥፋው ወይስ እናቆየው ነው። ቁስልን ማሳየት ቂም ያቆያል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው መሠረት አለው። ሆኖም የጠፋ ዕቃ ስሙና ፎቶግራፉ በባዶ ቦታው ላይ ቢለጠፍ ቂም ሳይሆን ማስረጃ ነው። አንድ ቀን በገበያ ወይም በውጭ አገር ብቅ ቢል «የእኛ ነው» ለማለት የሚያስችለው ያው መዝገብ ነው።

ንጉሥ ሚካኤል አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ማለታቸው ደኻና ሀብታም፣ ክርስቲያንና እስላም ሳይለይ ሁሉን የሚያስገባ እንዲሆን ነበር ይባላል። የወሎ ሙዚየምም ስሙን ባይወርስ ጠባዩን ይውረስ፤ ደስ የሚለውን ታሪክ ብቻ መርጦ፣ የሚያሳዝነውን አይጠየፍ።