ከገበታ እስከ ፕላዝማ፦ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ስያሜ ታሪክ

አንድ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ሲገባ ብዙ ጊዜ የመጣበትን ስም ይዞ ይገባል፤ አለዚያም ከገባ በኋላ ተጠቃሚው እንደ ሥራው አይቶ ስም ያወጣለታል። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብቻ የሚታይ ጥቃቅን ነገር አይደለም። በተለይ ማስተማርን ገና በመማር ላይ ላለው ዕጩ መምህር፣ የመሣሪያው ስም መሣሪያውን እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው አስቀድሞ የሚነግረው የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ይህ ጽሑፍ የማስተማሪያ መሣሪያዎች በአማርኛ የተጠሩባቸውን ስሞች ታሪክ፣ በተለይ ከደብረ ታቦርና ከይፋግ አካባቢ በመነሣት ይመረምራል።

አካባቢው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ይፋግ በ19ኛው ምዕት ዓመት ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። አሞሌና የማርያ ቴሬዛ ብር በሚመነዘርበት በዚያ ገበያ የውጭ ዕቃ ከነስሙ ይቀርብ ነበር። ደብረ ታቦር ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት ከተማ ስትሆን፣ በአቅራቢያዋ ያለችው ጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ያቀለጡባት ስፍራ ናት። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆን የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ገበያው፣ የእጅ ሙያውና የቃል ትምህርቱ በአንድ አካባቢ ተጎራብተው የኖሩበት አገር ነው።

ከጥንቱ ትምህርት ቤት እንነሣ። ሕፃኑ ፊደል የሚቆጥርበት ጽሑፍ ገበታ ይባላል፤ ገበታ ምግብ የሚቀርብበትም ነው። ሕፃኑ ፊደሉን በስንደዶ ወይም በጭራሮ እየጠቆመ ይቆጥራል፤ በዚህም ምክንያት ማንበብን መማር «መቁጠር» ተባለ። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን የቀለም ታሪክ ነው። ቀለም መጀመሪያ መጻፊያው ፈሳሽ ነው። ከዚያ ትርጉሙ ሰፍቶ ትምህርቱ ራሱ ቀለም ተባለ፤ የሚገባው ልጅ «የቀለም ልጅ» ሆነ፤ በዘመናዊው ትምህርት ቤትም «የቀለም ትምህርት» ከሙያ ትምህርት ተለይቶ ተጠራበት። የመሣሪያው ስም ወደ ዕውቀቱ የተሸጋገረው በብዙ ትውልድ ሲሆን፣ ቀለሙን የሚበጠብጠው፣ ብርዑን የሚቀርጸውና ብራናውን የሚፍቀው ያው የትምህርቱ ሰው ነበር።

ወደ ጋፋት ስንመጣ የምናገኘው ቃል መሣሪያ ነው። ቃሉ «ሠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን የሥራ ዕቃ ሁሉ ስም ነው፤ ሆኖም ብቻውን ሲነገር ጠመንጃን ያመለክታል። በጋፋት ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ አውደ ሥራ ተገናኙ። ወጣቶች በባዕዳኑ ሥር ሆነው ሙያ እንዲማሩ ተደረገ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀልጦ ወደ መቅደላ ተጓጓዘ። መድፉ የተጠራው በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው የሩሲያ ወደብ ስም ነው። ሙያው ግን በአገሩ ሰው እጅ ገብቶ ከመደላደሉ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ወደቁ፤ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ስሙና ዕቃው ሲቀሩ፣ ዕቃውን የመሥራት ዕውቀት ተቋረጠ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳንና ጠመኔን አመጣ። እዚህ ላይ ለቋንቋ ባለሙያ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ነጥብ አለ። ሰሌዳ ብዙዎቻችን የራሳችን ነው የምንለው ቃል ነው፤ ሥርወ ቃሉ ግን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ሲሆን፣ በግሪኩ የመጽሐፍ ገጽ ማለት ነበር። ቃሉ ከግዕዝ ወደ አማርኛ አልፎ «ጥቁር ሰሌዳ»፣ «የማስታወቂያ ሰሌዳ»፣ «የጊዜ ሰሌዳ»፣ «የመኪና ሰሌዳ» እያለ ተራባ። ስልክም እንዲሁ ነው፤ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ሲሆን፣ ዛሬ ሽቦ የሌለውን የእጅ ስልክ ሳይቀር እንጠራበታለን። ከጣሊያንኛ የመጣው መኪናም «የጽሕፈት መኪና»ንና «የሒሳብ መኪና»ን ወልዷል። እንግዲህ መዋስ በራሱ ነውር አይደለም። የተዋስነው ቃል ዘር ካፈራ፣ ሐረግ ከመሠረተና ሥራን ከገለጸ ቤተኛ ሆኗል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ አማርኛ የመሣሪያ ስም የሚያወጣበት የራሱ የቃል ምሥረታ መንገድ አለው፤ እርሱም ግሡን በ«መ» ወይም በ«ማ» ጀምሮ በ«ያ» ወይም በተለወጠ ድምፅ የሚጨርሰው ቅርጽ ነው። መጻፊያ፣ ማጥፊያ፣ ማሳያ፣ መቅረጫ፣ ድምፅ ማጉያ የሚሉት በዚህ የተገኙ ናቸው። «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» የሚለው ስያሜ ከሁሉ ይበልጥ ጉዳዩን ያብራራል፤ መሣሪያው የሚረዳ እንጂ የሚያስተምር አለመሆኑን በስሙ ውስጥ ይናገራልና። ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ በነበረበት ጊዜም ይኸው ግንዛቤ ተጠብቆ ነበር፤ ለመምህሩ የተዘጋጀው መምሪያ ከስርጭቱ በፊት፣ በስርጭቱ ጊዜና ከስርጭቱ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት ያመለክተው ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር ነው። በእንግሊዝኛ የሚቀርበው ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በአንድ ሰዓት በመላ አገሪቱ ይታይ ጀመር። ሕዝቡ ትምህርቱን «ፕላዝማ» አለው። ስሙ የመስተዋቱን አሠራር የሚያመለክት የፋብሪካ ስም ነው። ስለ ትምህርት አንዳች አይናገርም፤ አማርኛ ግሥም አያወጣለትም። ያው ተማሪ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ፕላዝማ የደም ፈሳሽ ክፍል መሆኑን፣ በፊዚክስ ደግሞ ከጠጣር፣ ከፈሳሽና ከጋዝ ቀጥሎ የሚቆጠር የቁስ አካል ሁኔታ መሆኑን ይማራል። አንድ ቃል በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ነገር ሆነ።

ጉዳቱ ግን ከቃል አሻሚነት ያልፋል። በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ተተዉለት። ተማሪው ባይገባው ስርጭቱ አይቆምም፤ መብራት ቢጠፋም ያመለጠው ትምህርት ተመልሶ አይመጣም። ይህን ከቅኔ ቤት ሥርዓት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በቅኔ ቤት መምህሩ የነገሩትን ቅኔ ለተማሪዎች የሚያስነግር አስነጋሪ አለ። አስነጋሪ ረዳት ነው፤ ነገር ግን ረዳትነቱ ወደ መምህርነት የሚያደርሰው መንገድ ነው፤ የከበደውንም ተመልሶ መምህሩን ይጠይቃል። የፕላዝማው ክፍል ጉዞውን ገለበጠው፤ መምህር የነበረው አስነጋሪ ሆነ፤ የሚጠይቀው መምህር ግን በመስተዋቱ ውስጥ ስለሆነ አይሰማውም። በዚያ ዘመን ለማስተማር ልምምድ የወጣ ዕጩ መምህር መሣሪያውን መክፈትና መዝጋት መማሩ አልቀረም፤ መቼ እንደሚረዳና መቼ እንደሚያውክ ለይቶ ለመናገር የሚያስችል ቃል ግን ስያሜው አልሰጠውም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንደገና ተፈለጉ፤ ቴሌግራምም የትምህርት ወረቀት መላኪያ ሆነ። አሁንም ስሙ የድርጅት ስም ነው። ድርጅቱ ሲለወጥ ስሙ ይለወጣል፤ ሥራው ግን መላክ፣ መቀበልና ማረም ሆኖ ይኖራል።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ሙያዊ ቃላትን በአማርኛ ማደራጀት የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። የክፍል ውስጥ መሣሪያዎች ግን ከዚያ በኋላ እየተከታተሉ ስለገቡ፣ ለመምህራን ማሠልጠኛ የሚሆን ራሱን የቻለ የስያሜ ሥራ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይገባል። አንደኛ፣ የመሣሪያው ስም የፋብሪካ ስም ቢሆንም፣ ትምህርቱ በፋብሪካው ስም ሊጠራ አይገባም፤ «ትምህርት በሬዲዮ» እንደተባለው ሁሉ «ትምህርት በምስል ስርጭት» ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ በብርሃን ግድግዳ ላይ ለሚያርፈው ምስል «የብርሃን ሰሌዳ» እንደሚሉት ያሉ፣ ከነባሩ ሰሌዳ የሚራቡ ስያሜዎች ይቅደሙ፤ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ያዳበረውን ጥበብ ወደ አዲሱ ይዞ እንዲሻገር ይረዱታልና። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ስያሜ ከነግሡ ይሰጥ፤ ስም ብቻ የተሰጠው ዕጩ መምህር ዕቃውን ያውቃል፤ ግሥ የተሰጠው ሥራውን ያውቃል።

ተርጓሚ አንድ የመሣሪያ መመሪያ ሲቀርብለት «ይህ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው «መምህሩ በዚህ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ መቅደም እንዳለበት ነው። ለሁለተኛው መልስ ከተገኘ የመጀመሪያው ብዙ አያስቸግርም።