ሽቦና መሬት፤ ስለ አማተር ራዲዮ አንቴና ታሪክ አጭር ጥናት

ስለ ራዲዮ ታሪክ የተጻፉትን መጻሕፍት የገለጠ ሰው በብዛት የሚያገኘው የማሠራጫውንና የመቀበያውን ታሪክ ነው። ብልጭታው ቦታውን ለቫልቭ፣ ቫልቩም ለትራንዚስተር እንዴት እንደ ለቀቀ በየምዕራፉ ተዘርዝሯል። አንቴናው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሥዕሉ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ሹካ ተሥሎ ይታለፋል። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ የታለፈውን ክፍል ነው፤ ይልቁንም አማተሮች፣ ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ለዕውቀትና ለደስታ ሲሉ የራዲዮ ጣቢያ የሚያቆሙ ሰዎች፣ የሠሩባቸውን አግድም የሽቦ አንቴናና ቀጥ ብሎ የሚቆመውን አንቴና ነው። የዚህ ታሪክ ዋና ጥያቄ፣ እንደሚመስለን፣ «ሽቦው ምን ያህል ይርዘም?» የሚለው ሳይሆን «መሬቱን ምን እናድርገው?» የሚለው ነው። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ወደዚህ ጥያቄ የመራን አንድ የልጅነት ነገር ነው። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን ከአንድ ባሕር ዛፍ ወደ ሌላው ሽቦ ወጥረው ከሩቅ አገር የሚመጣ ድምፅ ያሰሙን ነበር። በበጋ ወራት መሬቱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፣ ከመቀበያው የሚወርደው ሽቦ የታሰረበትን የብረት ዘንግ ሥሩን በባልዲ ውሃ እንድናጠጣ ያዙን ነበር። ዘንጉ የሚያቆጠቁጥ ይመስል! በወቅቱ ሥቀን ነበር፤ ትእዛዙ የገባን ግን ለዚህ ጽሑፍ መጻሕፍት ስናገላብጥ ነው።

ጀርመናዊው ሊቅ ሃይንሪሽ ሄርትዝ ከ1886 እስከ 1888 በካርልስሩሄ ባደረገው ምርመራ የተጠቀመበት አንቴና ሁለት ክንድ ነበረው። በመካከሉ ብልጭታ የሚዘልበት ክፍተት፣ በግራና በቀኝ እኩል የሆኑ ሽቦዎች ነበሩበት። ይህ መሣሪያ ከመሬት የሚፈልገው ነገር የለም፤ አንደኛው ክንድ የሰጠውን ሌላው ይቀበላል። ሞገዱም በጥቂት ሜትሮች የሚለካ ስለ ነበር ሥራው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ያልቅ ነበር። ኢጣልያዊው ጉልዬልሞ ማርኮኒ በ1895 በቦሎኛ አጠገብ በሚገኘው በአባቱ ርስት፣ በፖንቴኪዮ፣ ያደረገው ለውጥ ለማየት ቀላል ነው፤ አንዱን ክንድ ወደ ላይ አቆመ፣ ሌላውን ወደ መሬት አወረደ። በዚህም ምልክቱ ከኮረብታ ማዶ ሁለት ኪሎሜትር ያህል ርቆ ተሰማ። ዕድሜው በዚያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመት ነበር፤ ይህን መጽሔት ከምናዘጋጀው ከብዙዎቻችን አይበልጥም።

የሁለቱ ሰዎች ልዩነት ለኋላው ታሪክ ሁሉ መነሻ ስለ ሆነ ጥቂት ልንቆይበት ይገባል። መሬት እንደ መዳብ ሰሌዳ ኤሌክትሪክን በሚገባ የምታስተላልፍ ብትሆን ኖሮ፣ በላይዋ የቆመው ሽቦ በመስተዋት ላይ እንደ ቆመ ሰው መልኩን ከእግሩ ሥር ባገኘ ነበር፤ ርዝመቱ የሞገዱን ሩብ የሚያህል ቋሚ ሽቦም የግማሽ ሞገድን አንቴና ሥራ በሠራ ነበር። ማርኮኒ ኋላ ለሠራባቸው ረጃጅም ሞገዶች ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ግማሹን አንቴና መሬት ታበድረዋለችና። ነገር ግን መሬት መዳብ አይደለችም። ከሽቦው የወጣው ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ሥር የሚመለሰው በአፈር ውስጥ እያለፈ ስለ ሆነ፣ ከማሠራጫው የተሰጠው ኃይል ከፊሉ አፈሩን በማሞቅ ይጠፋል። ብድሩ ወለድ አለበት ማለት ነው።

ማርኮኒና ባልደረቦቹ ወለዱን ለመክፈል አልተቸገሩም። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ጠረፍ፣ በፖልዱ፣ እያንዳንዳቸው 61 ሜትር ያህል የሚሆኑ ሃያ ምሰሶዎችን በክብ ተከሉ። በሴፕቴምበር 1901 ዐውሎ ነፋስ ቢጥላቸው በሁለት ምሰሶዎች መካከል እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ሽቦዎችን ተኩ። ማርኮኒ በዲሴምበር 12 ቀን በኒውፋውንድላንድ ሆኖ፣ በካይት ባነሣው 150 ሜትር ያህል ሽቦ፣ ከፖልዱ የተላከውን ሦስት ነጥብ እንደ ሰማ ተናገረ። በጠራራ ፀሐይ ያን ምልክት በእርግጥ ሰምቶት እንደ ሆነ የሚጠራጠሩ አዋቂዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ክርክሩን ለእነርሱ እንተወዋለን።

አማተሩ ግን እንዲህ ያለ ምሰሶ የሚተክልበት ርስትም ገንዘብም አልነበረውም። የአሜሪካ መንግሥት በ1912 ባወጣው የራዲዮ ሕግ አማተሮችን ከ200 ሜትር በማይበልጥ የሞገድ ርዝመትና ከ1 ኪሎዋት በማይበልጥ ኃይል ወሰናቸው። በዚያ ዘመን ከ200 ሜትር በታች ያለው ሞገድ ለሩቅ መልእክት አይረባም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ነገሩ ድንጋያማውን ማሳ ለጭሰኛ እንደ መስጠት ያለ ነው። የ200 ሜትር ሩብ 50 ሜትር ነው። በግቢው 50 ሜትር ሽቦ ቀጥ አድርጎ ማቆም የሚችል አማተር ከወዴት ይገኛል? ስለዚህ ሽቦውን እስከ ተቻለው ድረስ አቁሞ የቀረውን ወደ ጎን አጠፈው፤ ለመሬቱም የውሃ ቧንቧውን አገለገለበት። ጉልበቱም በዚያው በቧንቧው ዙሪያ ባለው አፈር ውስጥ ይቀር ነበር።

አማተሮች በጉዳዩ ላይ በብርቱ ማሰባቸው የታየው በ1921 ነው። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ የአሜሪካ አማተሮች ምልክት በአውሮፓ ይሰማ እንደ ሆነ ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረ። በዲሴምበር ለተደረገው ሁለተኛ ሙከራ የአሜሪካ የራዲዮ ማኅበር ፖል ጎድሊ የተባለውን መቀበያ ሠሪ በመርከብ ወደ ስኮትላንድ ላከው፤ እርሱም በአርድሮሳን የባሕር ዳር ድንኳን ተክሎ በብርድና በዝናብ ሲያዳምጥ ሰነበተ። አንቴናው ረጅም ምሰሶ አልነበረም። ከሰው ቁመት እጥፍ ያህል በሚሆኑ አጫጭር እንጨቶች ላይ ተሰቅሎ ወደ አሜሪካ አቅጣጫ 400 ሜትር ያህል የሚሄድ አንድ ሽቦ ነበር።

ይህ አንቴና በሠራው በሃሮልድ ቤቨሬጅ ስም ይጠራል፤ አሠራሩም በታሪካችን ውስጥ ልዩ ቦታ ያለው ነው። ሞገድ ኤሌክትሪክን በደንብ በማያስተላልፍ አፈር ላይ ሲጓዝ እግሩ ወደ ኋላ ይጎተትና ራሱ ወደ ፊት ያዘነብላል። ቀጥ ብሎ ቢጓዝ ኖሮ በአግድም ሽቦ ላይ የሚያደርገው ነገር ጥቂት በሆነ ነበር፤ ስለ አዘነበለ ግን ሽቦውን ተከትሎ ሲሄድ በየሜትሩ ጥቂት ጥቂት ይሰጠዋል፤ ያም ተጠራቅሞ ከመቀበያው ይደርሳል። በሽቦው በሩቁ ጫፍ ከመሬት ጋር የሚያያዝ ተከላካይ ቢገባበት ደግሞ ከኋላ የሚመጣው ጩኸት እዚያ ይዋጣል። ስለ መሬት እስካሁን ያነሣነው ኪሣራውን ብቻ ነበር፤ በቤቨሬጅ ሽቦ ግን የመሬቱ ጉድለት ራሱ ሠራተኛ ሆነ። በባሕር ውሃ ላይ ቢዘረጋ በደንብ አይሠራም፤ በደረቅ አፈር ላይ ይሻለዋል። ከዚህ የበለጠ ብልሃት በአንቴና ታሪክ ውስጥ አላገኘንም።

በውቅያኖሱ ማዶም የማሠራጫው ወገን መሬትን የሚሸሽበት መንገድ አግኝቶ ነበር። ኤድዊን አርምስትሮንግ ያሉባቸው ስድስት ሰዎች በኮኔቲከት፣ በግሪንዊች፣ ያቆሙት 1ቢሲጂ የተባለው ጣቢያ ሽቦዎቹን በአፈር ውስጥ አልቀበራቸውም፤ ከአንቴናው ሥር ከመሬት ከፍ አድርጎ እንደ ጃንጥላ አጥንት ዙሪያውን ዘረጋቸው እንጂ። የሚመለሰው ኤሌክትሪክ አፈሩን ሳይነካ በሽቦው ላይ እንዲመለስ ነው። ጎድሊ ከሃያ የሚበልጡ የአሜሪካ አማተሮችን ምልክት ሰማ፤ ከ1ቢሲጂም በ230 ሜትር ሞገድ ሙሉ መልእክት ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ያለው በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ ባጭሩ እንለፈው። በኖቬምበር 1923 በኒስ የነበረው ፈረንሳዊው ሌዎን ዴሎይ ከአሜሪካውያኑ ከፍሬድ ሽኔልና ከጆን ራይናርዝ ጋር በ110 ሜትር ያህል ሞገድ ከወዲህም ከወዲያም ተነጋገረ። በ1924 ደግሞ ኤድዋርድ አፕልተንና ማይልስ ባርኔት ሞገዱን የሚመልሰው የላይኛው አየር ክፍል በእርግጥ መኖሩን በሙከራ አሳዩ። አጭሩ ሞገድ የድሆች ማሳ መሆኑ ቀረ።

ለአንቴና ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ለ40 ሜትር ሞገድ ግማሹ 20 ሜትር ነው፤ ይህም በሁለት ዛፎች መካከል ይወጠራል። የሄርትዝ ባለ ሁለት ክንድ አንቴና ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ወደ አማተሩ ግቢ ገባ። በ1929 ሎረን ዊንደም ሽቦውን ከመካከሉ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ራቅ ብሎ በአንድ ነጠላ ሽቦ የሚመገብበትን ዘዴ ኪውኤስቲ በተባለው የአማተሮች መጽሔት ላይ ጻፈ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። መሬትን ተሰናበትናት የሚል አሳብ በዚያን ጊዜ የብዙዎች ነበር። ስንብቱ ግን እውነተኛ አልነበረም። አግድም ሽቦ ከመሬት ቢያንስ የግማሽ ሞገድ ያህል ካልራቀ አብዛኛውን ኃይሉን የሚልከው ወደ ሰማይ አናት ነው፤ ይህም ለጎረቤት አውራጃ ይበጃል፣ ውቅያኖስ ለማሻገር ግን አይበጅም። የ80 ሜትር ሞገድ ሽቦ 40 ሜትር ከፍ ይበል ማለት ደግሞ አማተሩን ወደ ማርኮኒ ምሰሶ መመለስ ነው። ቋሚው አንቴና ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ወደ አድማሱ ይልካል፤ ነገር ግን ከመሬት ጋር ያለው የቆየ ዕዳ አልተከፈለም።

የዕዳውን መጠን በሚገባ የቆጠሩት ጆርጅ ብራውን፣ ሮበርት ሉዊስና ጄስ ኤፕስታይን የተባሉ የአርሲኤ መሐንዲሶች ናቸው። በ1937 ባሳተሙት ጥናት በ3 ሜጋሄርትዝ የሚሠራ ቋሚ አንቴና አቁመው፣ በሥሩ ከ2 ጀምሮ 15፣ 30፣ 60፣ በመጨረሻም 113 ሽቦዎችን እየቀበሩ ለኩ። ውጤቱ የብዙ ሰውን ልማድ የሚነቅፍ ነበር። ሽቦዎቹ ጥቂት ከሆኑ አንድ በአንድ ማስረዘሙ ብዙም አይጠቅምም፤ ብዙ ሆነው እንደ ጸሐይ ጮራ ሲቀራረቡ ግን አፈሩ የሚወስደው ኃይል በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች 120 ሽቦ መቅበር ደንብ ሆነ። ለብሮድካስት ድርጅት ይህ ቀላል ወጪ ነው። ለ80 ሜትር ሞገድ የሚሠራ አማተር ግን እያንዳንዳቸው 20 ሜትር የሆኑ 120 ሽቦዎች ቢቀብር 2400 ሜትር መዳብ ያስፈልገዋል፤ የሚቀበርበትም መሬት ዙሪያውን ባዶ መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት «ስንት ሽቦ ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ ለእርሱ የኪስ ጥያቄ ነው።

ስሌቱ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሥሩ ግን ጥንታዊ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፖክሊንግተን በቀጭን ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚገልጸውን ቀመር በ1897 አውጥቷል፤ አርኖልድ ዞመርፌልድም በ1909 ፍጹም ባልሆነ መሬት ላይ ሞገድ እንዴት እንደሚጓዝ ጽፏል። የጎደለው የሚያሰላው ነበር። ዘዴው ሽቦውን በሐሳብ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ መክፈል ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በሌሎቹ ሁሉ ላይ ስለሚሠራ መቶ ቁራጭ መቶ ያልታወቁ ቁጥሮችና መቶ እኩልታዎች ይሰጣል። ይህን በእጅ የሚደፍር የለም። ሮጀር ሃሪንግተን በ1968 ዘዴውን በመጽሐፍ ካደራጀ በኋላ፣ በካሊፎርኒያ በሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ጄራልድ በርክና አንድሩ ፖጂዮ ያዘጋጁት ኔክ-2 የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ1981 ወጣ። በ1982 ደግሞ በሳን ዲዬጎ የባሕር ኃይል ማዕከል ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች ሚኒኔክ ተሠራ፤ በዚህም አማተሩ በገዛ ጠረጴዛው ላይ አንቴና ነድፎ ለመፈተን በቃ።

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ በደስታ ይዘጉታል። እኛ ግን አንስማማም፤ ስሌቱም የተሰናከለው በዚያችው በመሬት ላይ ነውና። ሚኒኔክ በሽቦው ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ሲያሰላ መሬትን እንደ ፍጹም አስተላላፊ ይቆጥራት ነበር። ስለዚህ አንድ የመሬት ሽቦ የሌለው ቋሚ አንቴና በስሌቱ ላይ ዕዳ የሌለበት ሆኖ ይታያል፤ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ አግድም ሽቦም ከእውነቱ የራቀ ውጤት ይሰጣል። ኔክ-2 አግድሙን ሽቦ በሚገባ ያሰላል፤ ነገር ግን የተቀበረ ሽቦን አያውቅም። ስለዚህ ተጠቃሚው የመሬት ሽቦዎቹን ከአፈሩ ጥቂት ከፍ አድርጎ መጻፍ ይገደዳል።

በ1988 አል ክሪስትማን በስሌት ተመርኩዞ፣ ከመሬት ከፍ ብለው የተዘረጉ አራት ሽቦዎች ከተቀበሩት 120 ጋር ሊስተካከሉ እንደሚችሉ ጻፈ። ለአማተሩ ይህ 2400 ሜትር መዳብ ወደ 80 ሜትር ወረደ ማለት ነው፤ የ1ቢሲጂም አሳብ በኮምፒዩተር ተመሰከረለት ማለት ነው። ሌሎች አናምንም አሉ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። ሩዲ ሰቨርንስ የተባለው አማተር ከ2009 ጀምሮ ኪውኢኤክስ በተባለው መጽሔት ያወጣቸው ጽሑፎች የብራውንን መንገድ ተከትለው ሜዳ ላይ የተለኩ ናቸው። በልኬቱም አራቱ ሽቦዎች በጥንቃቄ ከተዘረጉ በእርግጥ ከብዙ የተቀበሩ ሽቦዎች ጋር የሚቀራረቡ ሆነው ተገኙ። ይሁን እንጂ ቁጥራቸው ጥቂት ሲሆን ኤሌክትሪኩ እኩል አይከፋፈልባቸውም፤ በርዝመት ወይም በሥራቸው ባለው አፈር ትንሽ ልዩነት ቢኖር አንዱ ከድርሻው በላይ ይወስዳል። ፕሮግራሞቹም ስለ አፈሩ ሁለት ቁጥሮችን ከተጠቃሚው ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው ግቢውን ሳይለካ «መካከለኛ አፈር» የሚለውን፣ 0.005 ሲመንስ በሜትርና 13ን፣ ሞልቶ ያልፋል፤ በክረምትም በበጋም ያንኑ።